የማግ ሰፈር ባለተራ

«እኔን የሚሸውድ ማሽንም ሆነ ዶክተር ገና ከእናቱ ሆድ አልወጣም!» አለች አንጓች፣ የተበጠሰ ክር በሁለት ጣቷ ጠምዝዛ እየቀጠለች።

«ማሽን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እናት ያለው?» አለቻት አብራት የምትሠራው ዝናሽ።

«አለው እንጂ! ዕቅድ ጽሕፈት ቤት ትባላለች።»

ዝናሽ ሳቋን በክንዷ አፈነችው። በፈትል ክፍሉ ውስጥ መሳቅ አይከለከልም፤ ይመዘገባል እንጂ።

አንጓች አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልሄደችም፤ ለምን ትምህርት አቆምሽ ለሚላት ሁሉ «እኔ መች አቆምኩ፣ ከእኔ እኩል መሄድ ያቃተው እሱ ነው» ትላለች። ሥራዋ ክር መቀጠል ነው። ፋብሪካው ውስጥ ለሰው የተረፈ ሥራ ብዙም የለ፤ የተበጠሰ ክር በመቀጠል ግን የሴት ልጅን ጣት የሚስተካከል መሣሪያ አልተገኘም። ጣቱም ቢሆን እስከ ሃያ ሦስት ዓመት ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ክር ላይ አንድ ሴኮንድ እንደሚዘገይ ዕቅዱ አስልቶ ስለደረሰበት፣ ሃያ ሦስት የሞላት ልጅ በልደቷ ማግስት ወደ ማጠፊያ ክፍል ትዛወራለች። ሻማ የለ፣ ኬክ የለ፤ ዝውውር ብቻ።

ያን ቀን እንዲያ አፏን የከፈተችው በባዶ ሜዳ አልነበረም። ጠዋት የፋብሪካው በር ላይ ስሟ ወጥቶ ነበር። የነገ ባለተራ እሷ ናት።

ከተማው በዕቅድ መተዳደር ከጀመረ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ዕቅዱን የሚያወጡት ባለሙያዎች ናቸው፤ ነገር ግን ያለ ሕዝብ ፈቃድ አንዲት ቧንቧ እንኳ ከቦታዋ አያነሡም። ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ በዕጣ የወጣ አንድ ሰው ነው፤ ዛሬ ጫማ ሰፊ፣ ነገ ምጣድ ሻጭ፣ ከነገ ወዲያ ሥራ ፈት። ወረቀት ላይ «የዕለት ዜጋ» ይሉታል። ሰዉ ግን እንደ ፀጉር ቤት ወረፋ «ባለተራ» ነው የሚለው። ባለተራ ሦስት ቃል ብቻ ነው የተሰጠው፦ ይሁን፣ አይሁን፣ ይደር። ይደር ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ባለፈው ወር ተራ የደረሰው አንድ የዘበኞች አለቃ ከምሳ በፊት ስልሳ አራት ጊዜ «ይሁን» ብሎ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሸልሞ ወደ ቤቱ ገባ። ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ይቀድማል።

ለአንጓች የተላከላት ዝርዝር ዘጠና መስመር ነበረው። ሰማኒያ ሰባቱን ዘለለቻቸው። ሰማኒያ ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«የማግ ሰፈር ጤና ኬላ ወደ ቀለም ሰፈር ይዛወር።»

የአንጓች እናት ሜላት በጥጥ መፍቻ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ክፍሉን ከለቀቀች ቆይታለች፤ ጥጡ ግን ደረቷን አልለቀቀም። በሳምንት ሁለት ቀን ጤና ኬላው ድረስ፣ እዚያው ከመንገዱ ማዶ፣ በየአሥር እርምጃው አጥር እየተደገፈች ትሄዳለች፤ ሁለት ሰዓት ያህል ከትንፋሽ ማሽኑ አየር ትስባለች፤ ፊቷ ሲመለስ ትመለሳለች። ቀለም ሰፈር ከወንዙ ወዲያ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ድረስ ለመሄድ ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ ትንፋሹ ደግሞ ያለው እዚያ ሊሆን ነው።

«ዋ!» አለች አንጓች ዝርዝሩን እያጠፈች። «ነገ እንተያያለን።»

በማግስቱ መኪና ላኩላት። አልገባችም። «በነፃ የመጣ መኪና የሚወስድሽ እሱ ወደሚፈልገው ነው» ብላ በእግሯ ሄደች፤ መኪናዋም ባዶዋን፣ ከኋላዋ ቀስ እያለች፣ እስከ ዕቅድ ጽሕፈት ቤት በር ድረስ ሸኘቻት።

ኮሪደሩ ላይ ወንበር ሰጧት። ወንበሩ ስለለሰለሰባት ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጠች። ሻይ አመጡላት። አሸተተችና ጥግ ላይ ላለው የአበባ ማሰሮ አፈሰሰችለት፤ ይጠወልግ እንደሆነ ለማየትም ሩብ ሰዓት ያህል አፍጥጣ ጠበቀች። አልጠወለገም። እሱም አጠራጠራት።

ከፊት ለፊቷ የመስታወት ክፍል ነበር። ውስጡ ሁለት ነጭ ጋዋን የለበሱ ሴቶች ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጽፋሉ።

«እነዚህ ደግሞ ምን ሆነው ነው?» አለችው ሻይ ያመጣላትን ሰውዬ።

«አድማጮች ናቸው። ነርሶች። የማግ ሰፈርንና የቀለም ሰፈርን ጠያቂዎች የሚያዳምጡት እነሱ ናቸው።»

ጠያቂውንስ ማን ያጣዋል? ከሦስት ዓመት ወዲህ በየበሩ መቃን ላይ ያለ፣ የጀበና ክዳን የምታህል ነገር ነው። ጠዋት በአሥራ አንድ ተኩል ከእንቅልፍ ይቀሰቅስና ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ በየስሙ እየጠራ «እንዴት አደሩ?» ይላል። መልስ እስኪያገኝ አይተኛም፤ አያስተኛም። አንጓች ግን ከጀርባው ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው መኖሩን እስከዚያች ቀን አታውቅም ነበር። በኮሪደሩ ስታልፍ አንገቷን አቀርቅራ አለፈች፤ ለምን እንደሆነ ራሷም አላወቀችው።

ዶክተር ያፌት ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሏት። ስልሳ የሞላቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። የሹራባቸው ክርን ተጥፏል። ዶክተር የተጣፈ ሹራብ ለምን ይለብሳል? ለማሳዘን ነዋ፣ አለች በልቧ።

«እንደምን አደሩ፣ ባለተራ? ይቀመጡ።»

አያቷ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው እርስዎ ሲሏት ጀርባዋን ሸከካት። «አንቺ ይበሉኝ ዶክተር። እርስዎ የሚለኝ ሰው ወይ ሊያባርረኝ ነው፣ ወይ ሊያስፈርመኝ።»

«ደንቡ አይፈቅድልኝም። የዕለቱ ዜጋ አንቱ ነው የሚባለው። ከመስመር አንድ እንጀምር?»

«ከሰማኒያ ስምንት። አይሁን!»

ዶክተሩ አልደነገጡም። ቢጮኹባት፣ ቢቆጧት ኖሮ ታውቅበት ነበር። እሳቸው ግን ጠረጴዛውን ነካ አደረጉት፤ ከተማው ከነወንዙ፣ ከነጭስ ማውጫው ላዩ ላይ በብርሃን ተስሎ ተዘረጋ። እያንዳንዱ ሐኪምና ነርስ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያለች ቢጫ ነጥብ ሆኖ ይታያል።

«በርግጥ። ከየት ይምጣ?»

«ምኑ?»

«ለቀለም ሰፈር የሚሄደው ነርስ። ማሽኑ መጋዘን ሞልቷል፤ የጎደለው ሰው ነው። አይሁን ያለ ባለተራ ከየት ይምጣ የሚለውን በጣቱ ማሳየት አለበት። ያለዚያ አይሁን ማለት ቀላል ነው።»

አንጓች ጠረጴዛውን አየችው። ነጥቦቹ ጥቂት ናቸው። አንዷን በነካች ቁጥር ከሥሯ የሰዎች ብዛት ይወጣል። የማዋለጃ ክፍል። የሕፃናት ክፍል። ጣቷን ሰበሰበች።

«ቀለም ሰፈር ዘመድ አለዎት እንዴ?»

«የለኝም።»

«ዘመድ የሌለው ሰው የለም።»

«ዘመድ ያለው ሰው እዚህ አይቀጠርም። ተጣርቶ ነው የገባሁት» አሉ፤ እንደ ቀላል ነገር። «የቀለም ሰፈር ሰዎች ታመዋል። የማግ ሰፈር ሰዎች ደግሞ ከአሥራ ዘጠኙ ሰፈሮች በጤና አንደኛ ናቸው።»

አንጓች እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። «ማግ ሰፈር? አውራ ዶሮ እንኳ ሳይጮህ በሳል የምንነቃው እኛ? ይኼን ማን ነው የነገረዎት?»

«እናንተው።»

ከጠረጴዛው ሥር ድምፅ ወጣ። የሰፈሯ ድምፅ ነው። «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች አንዲት ሴት፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሳለች። «ደኅና፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ ጋሼ ኑረዲን፣ የእድራቸው ዳኛ፤ ሲነሡ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማል። ደኅና። ተመስገን። ደኅና። ምን እንሆናለን ብለህ። ደኅና። በር በበር፣ ቀን በቀን።

«ይኼማ ሰላምታ ነው!» ብላ ጠረጴዛውን መታችው። «እንዴት አደርክ የተባለ ሰው ምን ሊል ኖሯል? ጉበቴን ልዘርግፍልህ ይላል?»

«ዕቅዱ ሰው የሚናገረውን ያምናል። አለማመን ንቀት ይሆናል።» ቀጥለው አንድ ቁጥር ነኩ። «ቤት ቁጥር ሁለት መቶ ስድስት።»

«ወይዘሮ ሜላት፣ እንዴት አደሩ?» አለ ጠያቂው።

«ደኅና ናት! ሁላችንም ደኅና ነን! በቃ፣ ረፍዶብኛል!» አለች አንዲት ቀበጥ ልጅ። በር ተጋጨ።

አንጓች ድምፁን ለማወቅ አፍታ ፈጀባት። ሰው የራሱን ድምፅ ከውጭ ሲሰማው ጠላቱን የሰማ ይመስለዋል። ሌላ ቀን አሰሟት፤ ያው ነው። ሌላ ቀን። «ደኅና ናት አልኩህ እኮ! ድርቅ!» ሦስት ዓመት ሙሉ በበሩ በኩል እየሮጠች ባለፈች ቁጥር፣ የእናቷን ደረት ጥርት ያለ ነው ብላ የመሰከረችው እሷ ራሷ ናት።

«ይኼን... ማንም ይላል» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ።

«አዎን። ቀለም ሰፈርን ይስሙ።»

አንድ ሰውዬ ተናገረ። «ምን እንቅልፍ አለ ብለህ ነው? ስታፈን ነው ያደርኩት። ግራ ጎኔን በወስፌ የሚወጉኝ ይመስለኛል። ውኃ እንኳ አልወርድልህ አለኝ። ማነህ አንተ? ትሰማኛለህ?»

«ይሄ ሰውዬ ያጋንናል» አለች አንጓች። «የቀለም ሰፈር ሰው እሮሮ ሲወድ! እሾህ ቢወጋው እግሬ ተቆረጠ የሚል ነው።»

«ሐሙስ ዕለት ሞተ» አሉ ዶክተር ያፌት።

አንጓች ሹራባቸውን አየች፣ ጠረጴዛውን አየች፣ የገዛ ጫማዋን አየች። ምናልባት አልሞተ ይሆናል። ምናልባት ሰውዬው የሚባል የለም፤ ተከራይተው ያስነገሩት ይሆናል። ግን «ትሰማኛለህ?» ያለበት ድምፅ የተከራየ ሰው ድምፅ አይደለም።

«ሁሉም ይደር» አለች።

«ይደር» ብለው ጻፉ።

በዚያው ቀን በአሥር ሰዓት የማግ ሰፈር እድር ተሰበሰበ። ድንኳኑ ለለቅሶ የተተከለ ስለመሰላቸው እያለቀሱ የመጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ሟች እንደሌለ ሲነገራቸው ትንሽ ተቆጡ።

አንጓች በርጩማ ላይ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሁሉንም እንኳ አይደለም፤ ስለ ቤት ቁጥር ሁለት መቶ ስድስት አላነሣችም።

«ስለዚህ ነገ ጠዋት ጠያቂው ሲጠይቃችሁ እውነቱን ተናገሩ! የሚያማችሁን! በቃ፣ ይኼው ነው።»

«ነውር አይደለም እንዴ?» አሉ አንዲት ሴት። «በጠዋቱ በር ላይ ቆሞ አሞኛል፣ ደክሞኛል! ጎረቤት ምን ይላል?»

«ጎረቤትም ያንኑ ነው የሚለው እትዬ! ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚያማርረው።»

«በማለዳ ክፉ አይወራም፤ ቀኑን ያበላሻል» አለ ሌላው።

ጋሼ ኑረዲን ከዘራቸውን መሬት ላይ አቆሙ። «እኔ እንግዲህ ሰባ አንድ ዓመት እንዴት አደርክ ሲሉኝ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ። ለፈጣሪ ነበር የምለው። እነዚህ ልጆች መሐል ገብተው እየጻፉት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።» ቀና አሉ። «ነገ ጠዋት ደኅና ነኝ ያለ የእድራችን አባል፣ በሚቀጥለው ቀብር ድንኳኑን ብቻውን ይተክለዋል። ከነካስማው!»

ይኼ ሁሉንም አሳመናቸው። የእድሩን ድንኳን የሚያውቅ ያውቀዋል።

በማግስቱ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን አራት መቶ አሥራ ሁለት በር «እንዴት አደሩ?» አለ።

አንጓች መስኮቷን ከፍታ ሰፈሩን አዳመጠች። መጀመሪያ ጋሼ ኑረዲን ጀመሩ። «አልሐምዱ...» ብለው ዋጡት። «ወገቤ! ወገቤ ለሁለት ተሰብሯል። ግራ ዓይኔም ጭጋግ ነው የሚያየው። ለልጆቼ አልነገርኳቸውም።» ከወዲያ በኩል አንዷ «ደረቴን ያቃጥለኛል» አለች። ከዚያ ግድቡ ተሰበረ። በየበሩ ሰው ግንባሩን መቃኑ ላይ ደግፎ ይናገራል። የጀመረው ማቆም አቃተው። ስለ ሳላቸው የጀመሩት ስለ እንቅልፋቸው ቀጠሉ፤ አንድ ጎልማሳ የሞተች ሚስቱን ስም ሲጠራ ተሰማ፤ አንዷ ደግሞ የምራቷን ነገር አንሥታ በሽታ ነው ብላ አስመዘገበችው። የፋብሪካው ጡሩምባ ጮኸ፤ የተንቀሳቀሰ ሰው የለም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ማግ ሰፈር ለመጀመሪያ ጊዜ አርባ ደቂቃ አረፈደ።

«ወይዘሮ ሜላት፣ እንዴት አደሩ?» አለ የእነአንጓች ጠያቂ።

ሜላት አልጋዋ ላይ ተነሥታ ተቀመጠች። አፏን ከፈተች።

«አንቺ ዝም በይ እማዬ፣ ትንፋሽሽን ቆጥቢ!» ብላ አንጓች ወደ በሩ ዘለለች። «ስማ! እናቴ መሞቷ ነው! ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት ነው ያደረችው! ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፣ ጥፍሯም! ጤና ኬላው ከተነሣ ሬሳዋን ነው የምትጠይቀው! ጻፍ!»

ሜላት አፏን መልሳ ዘጋች።

አንጓች ዕቅድ ጽሕፈት ቤት የደረሰችው እያፏጨች ነው። በመስታወቱ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁለቱ ነርሶች ማዳመጫቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኑረውታል። አንደኛዋ ዓይኗ ቀልቷል። አንጓችን ስታያት አንድ ነገር ለመናገር የፈለገች መሰለች፤ መስታወቱ ግን ወፍራም ነው።

«ሰሙ አይደል?» አለች ገና ከበሩ።

«ሰማን» አሉ ዶክተር ያፌት። «ግን አይቆጠርም።»

«ምን አሉ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ የአንድ ሰው መልስ በአማካይ ሁለት ሴኮንድ ነበር። ዛሬ ዘጠኝ ደቂቃ ሆነ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት በር፣ በአንድ ጠዋት። ዕቅዱ ይኼን ቅስቀሳ ይለዋል። ሰው ጠርቶ ያስነገረው ድምፅ የዜጋ ድምፅ አይደለም።»

«እውነታቸውን እኮ ነው የተናገሩት!»

«ሊሆን ይችላል። ግን ተመካክረው ነው።»

አንጓች ወንበሩን ይዛ ቆመች። «ቆይ እስቲ። ብቻዬን ስዋሽ ድምፄ ነው። ተመካክረን እውነት ስንናገር ግን ድምፃችን አይደለም። እንዲህ ነው?»

ዶክተሩ እስክሪብቶ አነሡ። «በጥሩ ቋንቋ አስቀመጡት» አሉ፤ ጻፉትም። «ዛሬ መወሰን አለብዎት። ይደርን ተጠቅመዋል። ይሁን ወይስ አይሁን? አይሁን ከሆነ፣ ከየት ይምጣ?»

ከተማው ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። አንጓች ቢጫዎቹን ነጥቦች ዞረቻቸው። ማዋለጃውን አለፈች። ሕፃናቱን አለፈች። ቀለም ሰፈር ላይ ምንም ነጥብ የለም፤ ጥቁር ነው። እዚያ ጥቁር ውስጥ አንድ ሰው «ትሰማኛለህ?» እያለ ነው። እናቷ ደግሞ ከዚህ በኩል አለች። በቀን ሺህ ክር የሚቀጥለው ጣቷ የሚያርፍበት አጣ።

ድንገት ቀና አለች። ጣቷን ከጠረጴዛው አነሣችና ወደ ኮሪደሩ፣ ወደ መስታወቱ ክፍል ዘረጋችው።

«ከዚያ ይምጣ! እነዚያ ነርስ አይደሉ? እዚህ ተቀምጠው ከሚሰሙን፣ ቀለም ሰፈር ሄደው ይዳስሱ! የእኛ ጤና ኬላ እንዳለ ይሁን።»

«ጣትዎ ከጠረጴዛው ወጣ።»

«ደንቡ ጣት ይላል እንጂ ጠረጴዛ አይልም።»

«አድማጭ ከሌለ የሁለቱም ሰፈር ጠያቂዎች ይቆማሉ። ዕቅዱ ከዚህ በኋላ አይሰማችሁም። የማይሰማውን ሰፈር ደግሞ በግምት ነው የሚያየው።»

«እስከ ዛሬ ሲሰማንስ ምን ጠቀመን? ይቁሙ! ከነ እንዴት አደሩአቸው ገደል ይግቡ!»

ዶክተር ያፌት መሳቢያቸውን ሳቡ። አንድ ወረቀት አውጥተው በፊቷ አኖሩ። በማሽን የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት ነው። «አማራጭ ሦስት፦ በማግ ሰፈርና በቀለም ሰፈር ጠያቂዎች ይቁሙ፤ ሁለቱ አድማጭ ነርሶች ወደ ቀለም ሰፈር ይሂዱ፤ የማግ ሰፈር ጤና ኬላ ባለበት ይቆይ። በዕለቱ ዜጋ ጥያቄ።»

አንጓች ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቀኑን አየች።

«ይኼ መቼ ነው የታተመው?»

«ትናንት ጠዋት።»

«እኔ እኮ አሁን ነው ያሰብኩት!»

«አዎን» አሉ ዶክተሩ። «ባለተራ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ቀን ነው የሚያስበው።»

አልሳቁም። ቢስቁ ይሻላት ነበር። እስክሪብቶውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። አንጓች ብዙ ነገር ለመጠየቅ ፈለገች፦ አማራጭ አራት ይኖር እንደሆነ፤ ጠያቂዎቹ እንዲቆሙ ከእሷ በፊት የፈለገው ማን እንደሆነ፤ ወንበሩ፣ ሻዩ፣ መስታወቱ በዚያ የተቀመጡት ለምን እንደሆነ። ግን ጤና ኬላው ይቆያል። ይቆያል ይላል ወረቀቱ። «ይሁን» ብላ ፈረመች፤ የቀሩትንም መስመሮች እንዲሁ አንድ በአንድ ይሁን፣ ይሁን አለች። ስንት ጊዜ እንዳለች አልቆጠረችም።

ስትወጣ መኪናዋ በሩ ላይ ቆማለች። አሁን ግን ገባች። ደክሟት ነበር።

መንገድ ላይ ልቧ ተመለሰ። ማንስ ቀድሞ ቢያስበው ምን አገባት? የፈረመችው እሷ ናት። መኪናዋ ማግ ሰፈር ስትገባ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ላያትም ላላያትም እጇን አወዛወዘች።

ሜላት ጤና ኬላው ውስጥ፣ ከትንፋሽ ማሽኑ አጠገብ ተጋድማ ነበር። ጭምብሉ አፏና አፍንጫዋ ላይ ነው። ነርሷ ሲስተር ብሌን የልብ ትርታዋን ይዛ ሰዓቷን ትመለከታለች።

«አትጫኚው ሲስተር፣ ዕቃሽን ፍቺ!» አለች አንጓች በሩን በእግሯ ከፍታ። «የትም አትሄጂም!»

ታሪኩን አወራችው። ስታወራው ከሆነው ይልቅ አማረ። ዶክተሩን ላብ አጠመቃቸው፤ ጠረጴዛው ተሰነጠቀ፤ ነርሶቹ በመስታወቱ ውስጥ ሆነው አጨበጨቡ። መሳቢያውና ወረቀቱ ተዘለሉ። ቤት ቁጥር ሁለት መቶ ስድስትም ተዘለለ። ሲስተር ብሌን አንዴ ሳቀች፣ አንዴ ዓይኗን ጠረገች።

«እና ነገ ጠዋት ያ ጠያቂ የሚባል ነገር የለም!» ብላ ጨረሰች። «ዳግመኛ ማንም በጠዋቱ አይነዘንዝሽም፣ እማዬ። ገላገልኩሽ! ይኼን ሁሉ ለአንቺ ብዬ ነው። በይ እንጂ፣ አመስግኚኝ!»

ሜላት ጭምብሉን በቀስታ ከአፏ አነሣች። አንድ ጊዜ ሳበች። ሁለተኛ ሳበች።

«ስሜን ጠርቶ እንዴት አደርሽ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር» አለች። «አንቺማ ሦስት ዓመት መለስሽልኝ እንጂ፣ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም።»